የአጋዘን ቀንድ የቀሰቀሳቸው ልጆች
(የብራውንሲ ደሴት የስካውቶች ሰፈር የስምንት ቀን ውሎ)

ታሪክ ስንማር ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት፣ ስለ ውልና ስለ ድንበር ነው። ሰው ጧት በስንት ሰዓት እንደ ተነሣ፣ ምን እንደ በላ፣ ከማን ጋር በአንድ ድንኳን እንዳደረ የሚነግረን መጽሐፍ ግን ጥቂት ነው። «ይህ ደግሞ ታሪክ ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኛ ታሪክ ነው ባዮች ነን። እንዲያውም አንድ ዘመን ልጆቹን ምን አድርጎ ሊቀርጻቸው እንደ ፈለገ ለማወቅ የሚሻ ሰው፣ ከአዋጁ ይልቅ የልጆቹን ውሎ ቢመረምር ይሻለዋል። አዋጅ የሚያምረውን ብቻ መርጦ ይናገራል፤ ውሎ ግን የተደበቀውንም ያወጣል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከኦገስት 1 ቀን 1907 ጀምሮ ለስምንት ቀን ያህል በእንግሊዝ አገር፣ በብራውንሲ ደሴት ላይ የተደረገውን የልጆች ሰፈር ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል። በእኛ የመጀመሪያው ቀን ሐምሌ 25 ቀን 1899 ዓ.ም. መሆኑ ነው። እዚህ የክረምቱ ዝናብ ሲወርድ እዚያ የበጋ ዕረፍት ነበር።) የተሰበሰቡት ልጆች ሃያ ያህል ብቻ ነበሩ። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ያለው የስካውት ሁሉ ዘር የሚቈጠረው ከዚህ ሰፈር ነው።

፩. ሰፈሩ እንዴት ተፀነሰ

የሰፈሩ አባት ሮበርት ባደን ፓወል ነው። በ1857 ተወለደ፤ ሰፈሩን ሲያቋቁም የ50 ዓመት ሰውና የእንግሊዝ ጦር ጄኔራል ነበር። ስሙን ያስጠራው በደቡብ አፍሪካ በቦርና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ጦርነት ጊዜ የማፌኪንግን ከተማ ለ217 ቀን ይዞ በመቆየቱ ነው። ከበባው ከኦክቶበር 1899 እስከ ሜይ 1900 ቆየ። ያን ጊዜ በከተማው የነበሩ የነጮች ልጆች በአንድ ጓድ ተደራጅተው መልእክት ሲያደርሱና ዘብ ሲቆሙ ነበር። ባደን ፓወል ከዚህ አንድ ነገር ተማረ፤ ልጅ ኃላፊነት ከሰጡት ይሸከማል የሚል ነው።

በዚያው በ1899 ለወታደሮች ብሎ ያዘጋጀው የቅኝት መጽሐፍ ታትሞ ነበር። ከጦርነቱ ሲመለስ ግን መጽሐፉን ወታደሮች ብቻ ሳይሆኑ መምህራንና ልጆችም ሲያነቡት አገኘ። በ1904 ዊልያም ስሚዝ በ1883 በግላስጎ ከተማ ያቋቋመውን ቦይስ ብርጌድ የሚባለውን የልጆች ማኅበር ሰልፍ ተመለከተ። ስሚዝም መጽሐፉን ለልጆች በሚስማማ መንገድ እንደገና ቢጽፈው መልካም እንደሚሆን ነገረው። በ1906 ደግሞ በአሜሪካ ልጆችን በጫካ ኑሮ ያሠለጥን የነበረው ኧርነስት ቶምፕሰን ሴቶን የራሱን መጽሐፍ ላከለት። ብዙ ጨዋታ የተወሰደው ከዚህ ሰው ነው።

ግን ሐሳቡ የመጣው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በቦር ጦርነት ጊዜ ለወታደርነት ከቀረቡት የእንግሊዝ ድኻ ወጣቶች ብዙዎቹ በጤና ጉድለት ተመልሰው ነበር። ገዢዎቹ ደነገጡ። «የዘራችን አካል እየደከመ ነው ወይ?» ብሎ የሚመረምር ኮሚቴ ሳይቀር ተቋቁሞ በ1904 ሪፖርቱን አቀረበ። እንግዲህ ሰፋ ያለ ግዛት ያለው መንግሥት ግዛቱን የሚጠብቅለት ጤነኛ ልጅ ፈለገ ማለት ነው። ባደን ፓወል ልጆችን ይወድ ነበር፤ እውነት ነው። ነገር ግን ፍቅሩና የመንግሥቱ ፍላጎት በአንድ ድንኳን ውስጥ ያደሩ ነገሮች መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ ማለት ይገባል።

፪. ልጆቹ እነማን ነበሩ

ብራውንሲ በፑል ወደብ ውስጥ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ጥድና ቁጥቋጦ የሞላባት፣ ሁለት ሐይቅ ያለባት ስትሆን፣ ባለቤቷ ቫን ራልት የተባለ ባለጸጋ ነበር። ለሰፈሩ ቦታውን የፈቀደው እሱ ነው። ልጆቹ በጀልባ ተሻገሩ።

ባደን ፓወል ሆን ብሎ ሁለት ዐይነት ልጆችን ቀላቀለ። እኩሌቶቹ ገደማ ኢተንና ሃሮን በመሳሰሉ፣ የገዢው መደብ ልጆች በሚማሩባቸው ትምህርት ቤቶች ያሉ ነበሩ። የቀሩት ከቦርንመዝና ከፑል ከተሞች ቦይስ ብርጌድ የመጡ የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት ገደማ አንሥቶ እስከ 16 እና 17 ይደርሳል። ክፍያውም እንደየአቅማቸው ነበር፤ የሀብታሞቹ ልጆች 1 ፓውንድ፣ የድኾቹ 3 ሺሊንግ ከ6 ፔንስ። ባለጸጋው ስድስት እጥፍ ያህል ከፈለ ማለት ነው።

ዛሬ ይህን ስናነብ ቀላል ነገር ይመስለን ይሆናል። በዚያን ዘመን እንግሊዝ ግን የሎርድ ልጅና የወዛደር ልጅ በአንድ ድንኳን አይተኙም፤ በአነጋገራቸው እንኳ አፍ እንደ ከፈቱ ይተዋወቃሉ። በብራውንሲ አንድ ዐይነት ካኪ ስካርፍ አሰሩ፤ ቁምጣ ለበሱ፤ በነሐስ የተሠራ የሊሊ አበባ ምልክት ተሰጣቸው። ባዶ ጉልበት የአባትን ሀብት አይናገርም። አንድ ልብስና አንድ ማዕድ ሰውን በአንድ ቀን እኩል ባያደርገውም፣ እኩል መሆን ይቻላል የሚለውን ሐሳብ ግን በልጅ ልብ ውስጥ ይጥላል።

ልጆቹ በአራት ጓድ ተከፈሉ፤ ተኩላ፣ ኮርማ፣ ቁራ፣ እንዲሁም ማንቁሩ ረጅምና ቆልማማ በሆነ ከርልው በሚሉት የባሕር ዳር ወፍ ስም የተሰየመው ጓድ። ተኩላዎቹ ሰማያዊ፣ ኮርማዎቹ አረንጓዴ፣ ቁራዎቹ ቀይ፣ ከርልዎቹ ቢጫ የሱፍ ጥብጣብ በትከሻቸው ላይ አሰሩ። የየጓዱ ልጆች የየአውሬያቸውን ጩኸት እየጮኹ በጫካ ውስጥ ይጠራሩ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ወደፊት የፓርላማ ወንበር የሚጠብቀው ልጅ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቆ እንደ ኮርማ ሲያገሣ!

የእያንዳንዱ ጓድ አለቃ ከልጆቹ መካከል ታላቁ ነበር። ለጓዱ ጠባይ ሁሉ፣ በማናቸውም ሰዓት፣ ተጠያቂው እሱ ነው። ጓዱ የሚተኛው በራሱ ድንኳን፣ የሚሠራውም የሚጫወተውም በአንድ ላይ ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ትእዛዝ ቢኖራቸው ለአለቃው ይነግሩታል እንጂ እያንዳንዱን ልጅ እየተከተሉ አይጨቀጭቁም። ልጁ «በክብሬ» ካለ ቃሉ ይታመናል። የሰፈሩ ትልቁ ፈጠራ ይህ ይመስለናል። ድንኳን፣ እሳትና ገመድ ከዚያ በፊትም ነበሩ። ጥቂት ልጆችን ለአንድ ልጅ አደራ ሰጥቶ ዞር ማለት ግን፣ አርጩሜ በነገሠበት በዚያን ዘመን ትምህርት ቤት ያልተለመደ ነገር ነበር።

ለእኛ ግን ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከአባት ከእናቱ ርቆ፣ በጎጆ ሰፍሮ፣ ታላቁ ታናሹን እያስጠና፣ ሥራውን ተከፋፍሎ ይኖር የለም ወይ? ልዩነቱ የቆሎ ተማሪ ለስምንት ቀን ሳይሆን ለዓመታት ይሰፍራል፤ እራቱንም የሚያገኘው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ነው። ልጅ ልጅን ሲያሠለጥን ትምህርቱ እንደሚሠምር ግን ሁለቱም ሰፈሮች ይመሰክራሉ።

፫. የቀኑ ውሎ

አሁን ወደ ውሎው እንግባ። ሰዓቱን በራሳችን አቆጣጠር እንናገራለን።

ከጧቱ 12 ሰዓት ሲሆን ባደን ፓወል አንድ ረጅም ጥምዝምዝ የአጋዘን ቀንድ ይነፋል። የቤተ ክርስቲያን ደወል ወይም የወታደር ጥሩምባ የለመደ ጆሮ ይህን ድምፅ ሲሰማ ምን እንዳለ እንጃ! (ስለ ቀንዱ በኋላ እንመለስበታለን።) ልጆቹ ተነሥተው ብርድ ልብሳቸውን አየር ላይ ያሰጣሉ፤ ካካዎና ብስኩት ቀምሰው ወደ ሰውነት ማጠንከሪያ ይሄዳሉ። ከቁርስ በፊት ባለችው አጭር ጊዜም የዕለቱን ትምህርት በዐይናቸው ያያሉ። ከዚያ ሰፈሩን ያጸዳሉ። 2 ሰዓት ላይ ጸሎት ይደረጋል፤ ባንዲራ ይሰቀላል፤ ቁርስ ይበላል።

ቀጥሎ እስከ እኩለ ቀን ሥራ ነው። እያንዳንዱ ቀን የራሱ ርእስ ነበረው። የመጀመሪያው ቀን ለመደራጀት፣ ሁለተኛው ለሰፈር ሥራ፣ ሦስተኛው ለማስተዋል፣ አራተኛው ለጫካ ዕውቀት፣ አምስተኛው ለጨዋነት፣ ስድስተኛው ሕይወት ለማዳን፣ ሰባተኛው ለሀገር ፍቅር፣ የመጨረሻው ለውድድር የተመደበ ነበር። በሰፈር ሥራ ቀን እሳት ማንደድ፣ ገመድ መቋጠር፣ ምግብ ማብሰል ይማራሉ። በማስተዋል ቀን ዱካ ማንበብና ያዩትን አለመርሳት ይለማመዳሉ። ሕይወት በማዳን ቀን ከእሳትና ከውኃ ሰው የማውጣት ትምህርት ነበር።

6 ሰዓት ላይ ወደ ባሕር ወርደው ይታጠባሉ፤ ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ነው። ከ7 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት ተኩል ዕረፍት ነው፤ የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የታዘዘ ዕረፍት። ማንም ትንፍሽ አይልም። ልጆችን የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው ከሥራው ሁሉ ከባዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም! ግን ብልሃት ነበረበት። በዚያን ዘመን ጀግንነት ማለት ሳይደክሙ መሮጥ ነው ተብሎ ሲሰበክ፣ ባደን ፓወል ደግሞ ሰውነት ካላረፈ ጭንቅላትም አይሠራም ብሎ በሥርዓቱ ውስጥ ቦታ ሰጠው።

ከ8 ሰዓት ተኩል በኋላ ጨዋታና ውድድር ይመጣል። ከጨዋታዎቹ አንዱ የአጋዘን አደን ነው። አንዱ ልጅ አጋዘን ሆኖ ይሸሻል፤ የቀሩት ዱካውን ተከትለው፣ ደረታቸው መሬት እየነካ ተጠግተው በቴኒስ ኳስ ይመቱታል። ሌላው የዓሣ ነባሪ አደን ነው። ትልቅ ግንድ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሁለት ጓዶች በሁለት ጀልባ እየቀዘፉ ይሽቀዳደሙና ጦር ወርውረው፣ በገመድ ጎትተው ወደየራሳቸው ዳርቻ ለማምጣት ይታገላሉ። 11 ሰዓት ላይ ሻይ፣ 12 ሰዓት ላይ እንደገና ጨዋታ፣ ከዚያ ገላን አሻሽቶ ልብስ መለወጥ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት እራት።

ከእራት በኋላ እሳት ይነድዳል። ሁሉም ዙሪያውን ይቀመጣሉ፤ ባደን ፓወል ይተርካል፤ ከአፍሪካ ያመጣውንም የዙሉ ዜማ ያስተምራቸዋል። ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ስለ ነበር የአራዊት ድምፅ ሳይቀር ያስመስላል። ልጆቹ ወረቀትና እርሳስ ይዘው አይጽፉም። የነገው ትምህርት ግን በዚህ በዛሬው ተረት ውስጥ አለ። 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ጸሎት፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ጠፍቶ መኝታ ይሆናል።

ትምህርቱ በቀኑ ውስጥ እንዴት እንደሚዘዋወር እንመልከት። ስለ ዱካ ማንበብ ነው እንበል። ማታ በእሳት ዳር ዱካ አይቶ ያመለጠ ወይም የያዘ ሰው ታሪክ ይነገራቸዋል። ጧት ከቁርስ በፊት የሯጭና የሚራመድ ሰው ኮቴ በአሸዋ ላይ ይታያቸዋል። ከሰዓት በኋላ በአጋዘን አደን ራሳቸው ይፈተኑበታል። መጀመሪያ ጆሮ፣ ቀጥሎ ዐይን፣ በመጨረሻ እጅና እግር። ባደን ፓወል ስለ ሰፈሩ በጻፈው ሪፖርት ረጅም ሌክቸር ልጆችን እንደሚያሰለች፣ በትንሽ በትንሹ በምሳሌ የሚሰጥ ትምህርት ግን እንደሚያዝ አስታውቋል። ሁለት ሰዓት ሙሉ በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ማስታወሻ ስንገለብጥ የምንውል እኛ ተማሪዎች ይህን ሪፖርት ብናደንቅ ማን ይፈርድብናል!

፬. የሌሊት ዘብ

የሰፈሩ ኑሮ ልብ የሚነካው በሌሊት ነው። በየማታው አንድ ጓድ በተራው ከሰፈሩ ተለይቶ ይወጣል። ዱቄት፣ ድንች፣ ሥጋና ሻይ ይሰፈርለታል። እያንዳንዱ ልጅ ካፖርቱን፣ ብርድ ልብሱን፣ የራሱን ማብሰያና ክብሪት ይዞ ወደ ተነገረው ቦታ ይሄዳል። ደርሰው እሳት ያነድዳሉ፤ እራታቸውን ያበስላሉ፤ ዘብ አቁመው ያድራሉ። በቤታቸው አሽከርና ወጥ ቤት የሚያገለግላቸው ልጆች፣ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የሚበሉት የገዛ እጃቸው የሠራውን ብቻ ነው። ቢያርር የሚወቀስ ሌላ የለም። በዚህ ጊዜ የሠራተኛው ልጅ ሳይሻል አይቀርም የሚል ግምት አለን። እሳት ማያያዝ ለእሱ የቤት ሥራው ነዋ!

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ከምሽቱ 5 ሰዓት በፊት፣ መቼ እንደሆነ ሳይታወቅ፣ ባደን ፓወልና የሌሎቹ ጓዶች አለቆች በጨለማ ተሹለክልከው ይመጣሉ። የዘቡ ተግባር ሳይቀርቡ ማወቅ ነው። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ነፋስ ይሁን ሰው መለየት አለበት። ከ5 ሰዓት በኋላ ጓዱ የራሱን ዘብ አቁሞ ይተኛል፤ ጧት ለቁርስ ይመለሳል።

እስቲ ይህን ዘብ የቆመ የ12 ዓመት ልጅ በዐይነ ኅሊናችን እንየው። ጓደኞቹ ተኝተዋል። ጨለማ ነው። እሱ ብቻ ነቅቷል። የአራት ሰው እንቅልፍ በሱ ላይ ተጥሏል። እንዲህ ያለው ሌሊት አንድን ልጅ ከዓመት ስብከት የበለጠ ያሳድገዋል ብለን እናምናለን። ግን ደግሞ ዘብ፣ ቅኝት፣ ዱካ፣ ድንገት መድረስ፤ ይህ ሁሉ የጦርነት ሙያ ነው። ጨዋታው ከየት እንደ መጣ መዘንጋት የለብንም።

፭. ቀንዱ የማን ነው?

እዚህ ላይ ወደ አጋዘኑ ቀንድ እንመለስ። በእንግሊዝ ጫካ አጋዘን የለም። ይህ ቀንድ የመጣው ከአፍሪካ፣ ዛሬ ዚምባብዌ ከሚባለው አገር ነው። በማርች 1896 የማታቤሌ ሕዝብ፣ መሬቱንና ከብቱን የቀማውን የእንግሊዝ ኩባንያ አገዛዝ ተቃውሞ ተነሣ። አንባቢ ልብ ይበል፤ ወሩ አባቶቻችን አድዋ ላይ ድል ያደረጉበት ወር ነው። እነዚያ ግን እንደኛ አልቀናቸውም። ባደን ፓወል ዐመፁን ለማጥፋት ከተላኩት መኮንኖች አንዱ ነበር። የማታቤሌ ተዋጊዎች አንዱ ለሌላው ምልክት የሚሰጡት በዚህ ዐይነት ቀንድ ነው። እሱም በሶማቡላ ጫካ በተደረገው ዘመቻ አንዱን አገኘና ወደ አገሩ ወሰደው።

በዚያው ዓመት ኡዊኒ የተባለ የማታቤሌ አለቃ ተማረከ። ባደን ፓወል በጦር ፍርድ ቤት አስፈርዶበት በጥይት አስገደለው። ጉዳዩ በራሳቸው በእንግሊዞች ዘንድ ሳይቀር ጥያቄ አስነሥቶ ምርመራ ተደረገ፤ መጨረሻው ግን «ጥፋት የለበትም» ሆነ። እንግዲህ ብራውንሲ ላይ ልጆቹን ለቁርስ የቀሰቀሰው ድምፅ፣ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ለነጻነት የተነሡ ሰዎች የተጠራሩበት ድምፅ ነበር። ልጆቹ ይህን ቢያውቁም እንደ ጀብዱ ነው የሚያውቁት። የቀንዱ ባለቤቶች ልጆች የት እንዳሉ በሰፈሩ የጠየቀ ሰው መኖሩ አልተመዘገበም።

የባንዲራውም ነገር እንዲሁ ነው። ብራውንሲ ላይ የተሰቀለው በማፌኪንግ ከበባ ጊዜ የተውለበለበው ነው። የማፌኪንግ ታሪክ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረው በነጮቹ አፍ ነበር። ሆኖም በከተማው ውስጥ በብዙ ሺህ የሚቈጠሩ ጥቁሮችም ተከብበው ነበር። ከነሱ መካከል የፍርድ ቤት አስተርጓሚ የነበረው ሶል ፕላኪ አንዱ ነው፤ ገና የ23 ዓመት ወጣት፣ የእኛ እኩያ ማለት ነው። በከበባው ውስጥ የጻፈው የዕለት ማስታወሻ ታትሞ የወጣው በ1973 ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይኸኛው እውነት ከሰባ ዓመት በላይ አደረ። ማስታወሻው የጥቁሮቹን ረኃብ፣ ሥራና ሞት ያሳያል። ከዚያ ወዲህ የታሪክ ጸሐፊዎች ተከራክረዋል። ቶማስ ፓክንሃም በ1979 ባወጣው መጽሐፍ ባደን ፓወል ነጮቹን ለመመገብ ጥቁሮቹን አስርቧል ሲል ከሰሰ። ቲም ጂል ደግሞ በ1989 ክሱ ተጋንኗል ብሎ ተከላከለለት። ክርክሩ የቱንም ያህል ቢሄድ የራሽኑ መጠን በቆዳ ቀለም ይለያይ እንደ ነበር የሚክድ የለም።

ታዲያ ከዚህ ምን እንረዳለን? ብራውንሲ ላይ የሀብታምና የድኻ ልጅ ከአንድ ማዕድ በላ። ማፌኪንግ ላይ ግን ማዕዱ የተለያየ ነበር። የሁለቱም ሰፈር አዛዥ አንድ ሰው ነው። ድንኳኑ ለእንግሊዝ መደቦች ሰፋ፤ ለአፍሪካዊው ግን አልሰፋም።

፮. ከሰፈሩ በኋላ

በመጨረሻው ቀን ልጆቹ የተማሩትን ለእንግዶች አሳይተው ተለያዩ። ከጃንዋሪ 1908 ጀምሮ የባደን ፓወል የስካውት መጽሐፍ በስድስት ክፍል፣ እያንዳንዱ በ4 ፔንስ እየተሸጠ ወጣ። ርካሽ በመሆኑ የሠራተኛ ልጆችም ገዙት። አስገራሚው ነገር፣ ማንም ሳያዛቸው ልጆቹ ራሳቸው በየሰፈሩ ጓድ እየመሠረቱ አለቃ የሚሆናቸውን ትልቅ ሰው ፍለጋ መውጣታቸው ነው። በ1909 ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ በተደረገው ስብሰባ ወደ 11,000 የሚደርሱ ስካውቶች ተገኙ። ያልተጠሩ ሴት ልጆችም መጥተው «እኛስ?» አሉ። በ1910 የሴቶቹ ማኅበር ተቋቋመ።

ከዚያ 1914 መጣ። የብራውንሲ ልጆች ለጦርነት ዕድሜ ደርሰው ነበር። ዱካ የተማሩበት አሸዋ በፍላንደርስ ጭቃ ተለወጠ። ከነዚያ ሃያ ልጆች በ1917 በዚያ ግንባር የቀረ አለ። የኢተን ይሁን የፑል ጥይት አይመርጥም፤ እኩልነት በጉድጓድ ውስጥም ተገኘ። እንዲህ ላለው እኩልነት ግን ስምንት ቀን መሠልጠን ባላስፈለገ ነበር።

በደቡብ አፍሪካ ደግሞ ጥቁር ልጆች ስካውት ለመሆን ሲጠይቁ ከነጮቹ ጋር አልተቀበሏቸውም። በ1922 ፓዝፋይንደር የሚባል የተለየ ማኅበር ተሠራላቸው። በ1936 እንደ ጎን ክፍል ታወቀላቸው። በአንድ ማኅበር የተዋሐዱት በ1977 ነው። እንግዲህ ብራውንሲ ላይ በአንድ ጧት የፈረሰው ግድግዳ፣ አጋዘኑ ከተገኘበት ምድር አጠገብ እስኪፈርስ 70 ዓመት ፈጀ። ያፈረሱትም በአብዛኛው በሩን ሲያንኳኩ የኖሩት ናቸው። ከሕጉ ውስጥ «ስካውት ለስካውት ወንድም ነው» የሚለውን ይዘው፣ «ታዲያ እኛስ?» ብለው የጻፈውን ሰው በገዛ ቃሉ ያዙት።

የስካውት ሥርዓት ወደ ሀገራችንም ገብቶ ከ1974 በፊት በነበሩት ዓመታት በከተማ ትምህርት ቤቶች ይታይ ነበር። አጎቶቻችን የስካርፉን አስተሳሰር እስከ ዛሬ አልረሱትም። ሲያስተምሩን ስለ ማታቤሌ ቀንድ አልነገሩንም፤ ስለ ቋጠሮውና ስለ እሳቱ ግን ብዙ ነግረውናል።

ባደን ፓወል በ1941 በኬንያ፣ በኔሪ ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ቀንዱ ግን ቀረ። በኦገስት 1 ቀን 2007፣ ልክ በመቶ ዓመቱ፣ ከብዙ አገር የመጡ ስካውቶች ብራውንሲ ላይ ተሰብስበው ያው ቀንድ እንደገና ተነፋ። በዚያ ጧት ጥቁሩም ቢጫውም ነጩም፣ ሴቱም ወንዱም ሰማው። በ2020 ደግሞ ደሴቲቱን እያየ በፑል ወደብ ዳር የተቀመጠው ሐውልቱ ይፍረስ ይቅር የሚል ክርክር ተነሥቶ ዙሪያው በሳንቃ ታጥሮ ነበር። በአንድ በኩል ቀንዱ ይነፋል፤ በሌላ በኩል ሐውልቱ ይታጠራል። ሁለቱም ስለ አንድ ሰው ነው።

፯. ምን እንላለን?

አንዳንዱ ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ሲያነብ ወይ ሁሉን አምኖ ያጨበጭባል፣ ወይ ሁሉን ረግሞ ይጥላል። ሁለቱም ድካም የሌለበት መንገድ ነው። የታሪክ ተማሪ ግን ሁለቱን በአንድ እጅ የመያዝ ግዴታ አለበት።

ለልጅ አደራ መስጠት፣ በትንሽ ጓድ መሥራት፣ ትምህርትን ከጆሮ ወደ ዐይን፣ ከዐይን ወደ እጅ ማሸጋገር፣ የሀብታምና የድኻ ልጅ አንድ ድስት ላይ እንዲያጎነብሱ ማድረግ ደግ ነገር ነው። ማንም ቢፈጥረው ደግ ነው። ይህን ለመውሰድ የእንግሊዝን ባንዲራ መሳም አያስፈልግም። እሳት የማንም አይደለም፤ ያነደደው ይሞቀዋል። ደቡብ አፍሪካውያኑም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ግን አንድ ሰፈር ምን ያህል ደግ እንደሆነ የሚለካው በድንኳኑ ውስጥ ባሉት ብቻ አይደለም። ከድንኳኑ ውጭ ማን እንደ ቀረ መቈጠር አለበት። ዛሬም ልጆች በሚሰበሰቡበት ቦታ ሁሉ፣ ስካውትም ይሁን የክረምት ትምህርት፣ የቀበሌ ክበብም ይሁን የዩኒቨርሲቲ ዶርም፣ መጠየቅ ያለበት ይህ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ማን አለ? ማንስ የለም? የሚቀሰቅሰንስ ቀንድ ከማን እጅ የመጣ ነው? ልጆችን ዱካ ማንበብ ያስተማረ ሰው፣ የራሱን ዱካ ቢያነቡበት ሊከፋው አይገባም። እኛም ያነበብነው በዚሁ መንፈስ ነው።